ከአራት ልጅ ሁለት

የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጥቁሩን የዋልካ አፈር ሲመታው የሚነሳው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ስር ሲደርስ፣ ሰሊጥ ስናርም ጎንብሰን የዋልንበት ጊዜ ይመጣብኛል። ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብሎ ባለው ማሳችን እኔ፣ ታላቅ እህቴ የሺና ሁለቱ ወንድሞቻችን ጥንድ ጥንድ ሆነን እናርም ነበር። የቀበሌው ትምህርት ቤት መምህር እየጠፋ ግማሽ ዓመት ይዘጋ ስለነበር፣ አባየ በዚያ ክረምት «መስከረም ላይ ሁለታችሁን ጎንደር አክስታችሁ ጋ እሰዳለሁ» አሉን።

እኔ መቼ አስችሎኝ! «ማንና ማን?» እያልኩ የሺን ሳደርቃት፣ ዋልካ ላይ ጠጠር አይገኝምና ከነቀለችው አረም አራቱን መሬት ላይ ደርድራ «ይኸው እኛ፤ ስንት ጥንድ ይወጣል? ቁጠሪ» አለችኝ። እያንዳንዳችንን ከቀሩት ሶስቱ ጋር እያጣመርኩ ቆጥሬ «አስራ ሁለት!» ስላት ሳቀች።

«አንቺ ፈዛዛ! እኔና አንቺ፣ ደግሞ አንቺና እኔ ብለን ሁለቴ እንሄዳለን እንዴ? ማንም ቀድሞ መኪና ላይ ቢወጣ ምን ለውጥ አለው?»

ግማሹን ጣልኩት፣ ስድስት ቀረ። ሶስቱ ውስጥ እኔ አለሁ፣ ሶስቱ ውስጥ የሺ አለች፣ አንዱ ደግሞ እኔና እሷ ብቻ ነን። ክረምቱን ሙሉ ያችን አንዷን እያሰብን፣ አክስታችን ቤት ማን በግድግዳው በኩል እንደሚተኛ ሳይቀር እየተጣላን አረምን።

መስከረም ጠብቶ ሰሊጡ ለአጨዳ ሲደርስ፣ አባየ ሁለቱን ወንዶች ጎንደር በሚሄድ አይሱዙ አሳፈሯቸው።

«አባየ፣ ስድስት ዓይነት ነበር እኮ!» አልኳቸው እያለቀስኩ።

«የምን ስድስት? ሴት ልጅ ከተማ ሰድጄ መሳቂያ ልሁን? ሂጂ፣ ማጭድሽን ያዢ!»

የሺ አላለቀሰችም፤ ማጭዷን አንስታ ከፊቴ ሄደች።

በዓመቱ ታናሹ ወንድሜ ትምህርት አልሆነልኝም ብሎ ተመለሰ። አክስቴ «እንግዲያው ሴትም ትሁን፣ በቤት ስራ የምታግዘኝ ላኩልኝ» ብላ ስታስጨንቃቸው፣ አባየ እኔን ላኩኝ። የሺማ ከፋሲካ በኋላ ተድራ ገለጉ ወርዳ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ይህንኑ የጥንድ ቆጠራ ስንማር፣ መምህሩ ከከረጢት የሚወጡ ባለ ቀለም ኳሶች ስሎ «ሁሉም እኩል የመውጣት ዕድል አላቸው» ብሎ ይጀምር ነበር። የክፍሌ ልጆች ቀመሩን ሸምድደው፣ ቅደም ተከተሉ ይቆጠር አይቆጠር ሲምታታባቸው፣ እኔ ወረቀቴን ቀድሜ አስረክብ ነበር። ኳስ ግን አባት የለውም።

ዘንድሮ ተመርቄ፣ ስራም አጥቼ፣ የሺ ጋ ገለጉ ሄድኩ። ልጇ የሂሳብ ጥያቄ ይዛ ስትመጣባት፣ ቀና ብላ እንኳን ሳታይ «አክስትሽን ጠይቂ፣ የተማረችው እሷ ናት፤ እኔ ምን አውቃለሁ» አለቻት። ያኔ ማሳው ላይ አረም ደርድራ እኔን መቁጠር ያስተማረችኝ እሷ ነበረች። ለይሉኝታ ያለችው መስሎኝ ፊቷን አየሁት፤ አምናበት ነው።