ብል የመሰከረለት መጽሐፍ

ኦቶሪኖ ሠላሳ አራት ዓመት በሕዝብ ጀልባ ላይ ገመድ ሲያስርና ሲፈታ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በእኛ በካስቴሎ ሰፈር ግን ማንም በጀልባው አያነሣውም፤ የሚነሣው በመጽሐፉ ነው። ተራ መጽሐፍ እንዳይመስላችሁ። ቬኒስ ኅትመት በጀመረች ሰሞን፣ የዛሬ አምስት መቶ ምናምን ዓመት፣ እዚሁ ከተማ የታተመ የከዋክብት መጽሐፍ ነው። የአንድ ሟች ውል አዋዋይ ዕቃ ሲቸበቸብ ከድስት ክምር ሥር መዝዞ ያወጣው እሱ ነው። ያን ቀን ቤቱ የገባው እየዘፈነ ነበር።

ሚስቱ ኖርማ ግን መጽሐፉን "ጣውንቴ" ነው የምትለው። ምክንያት አላት። በዚያ ክፉ ኅዳር የባሕሩ ውኃ ምድር ቤታቸው ሲገባ ኦቶሪኖ አቅፎ ደረጃውን የወጣው መጽሐፉን ነበር። እናቷ ለሠርጓ የጠለፈችላት አንሶላ ከነሣጥኑ ጨው ሲጠጣ ዋለ። ይህን ለጎረቤት ስታወራ ጎረቤቱ ይስቃል፤ እሷ አትስቅም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ፍቅር ለጎደሎ መጽሐፍ ነው። የዚያ ዘመን አታሚዎች ስማቸውን፣ ከተማቸውንና ዓመቱን የሚያኖሩት እንደ ዛሬው ፊት ላይ ሳይሆን በመጨረሻው ሉህ፣ ቅጠል በሚሉት ላይ ነው። የኦቶሪኖ መጽሐፍ ደግሞ ያ ቅጠል የለውም። ቅጠሉ ያለው፣ ወይም ያለ የሚመስለው፣ የሰፈራችን መድኃኒት ሻጭ ኤጂዲዮ ሱቅ ግድግዳ ላይ ነው። ኤጂዲዮ ከአንድ ሥዕል ሻጭ ገዝቶ፣ በመስታወት አስገብቶ፣ ከሳል ሽሮፑ በላይ ሰቅሎታል። ኦቶሪኖ ራሱን ባላመመው ቁጥር የራስ ምታት ኪኒን ሊገዛ እየሄደ፣ ቅጠሉን ሲያይ ቆሞ ይመለሳል። ሽጥልኝ አለው፣ በዓሣ ማጥመጃ ጀልባዬ ለውጠኝ አለው፤ መልሱ ሁሌም "አይሸጥም" ነው።

አንድ ቀትር ላይ በወይን ጠጅ ቤቱ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ኤጂዲዮ ልመናው ሰለቸው።

"ስማ ኦቶሪኖ፣ ቅጠሌን ብል አምስት ቦታ በስቶታል። ብል ደግሞ እየዘለለ አይበላም፣ የጀመረውን በስቶ ነው የሚያልፈው። እነዚያኑ አምስት ቀዳዳዎች መጽሐፍህ ላይ አሳየኝና በነፃ ውሰደው።"

ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ይዘል ነበር። ኦቶሪኖ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ለምን ቢሉ፣ መጽሐፉን ያገኘ ሰሞን ያሳምርልኝ ብሎ፣ ወረቀት በስታርች አቡክቶ፣ የብሉን ቀዳዳ አንድ ሳያስቀር ደፍኖታል! ብል የበሳውን የእንጨት ሽፋንም ገንጥሎ ጥሎ በቆዳ አስለብሶታል። አሁን ለብርሃን ቢያነሡት ጥጋን በጥጋን ነው፤ የቱ ቀዳዳ የት እንደነበረ ደፋኙ ራሱ አያውቅም። ጠጅ ቤቱ ሳምንት ሙሉ በዚህ ሲስቅ ሰነበተ።

ቤት ገብቶ በኖርማ ላይ ጮኸ። ያኔ ስደፍን ለምን ዝም ብለሽ አየሽኝ አላት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው። እሷ ግን የበቆሎ ገንፎዋን ከድስቱ ወደ ወጥ ቤት ጣውላዋ ገለበጠች፣ ሲረጋ እንደ ልማዷ በክር ቆረጠች፣ ድርሻውን አቀረበችለት።

አኩርፎ ስለነበር አልበላም፤ በሹካ ያገላብጠው ጀመር። ገንፎው ሲገለበጥ ከሥሩ የጣውላዋ ቀዳዳዎች ያወጡበት ጥቃቅን እብጠቶች ታዩት። ቆጠራቸው። ሦስቱ በአንድ መስመር፣ አንዷ ዝቅ ብላ፣ አንዷ ወደ ጥግ ፈንጠር ብላ። ያችን አቀማመጥ ከኤጂዲዮ መስታወት ሥር ሃያ ዓመት ሲያፈጥባት ኖሯል፤ እንዴት ይስታታል?

"ኖርማ፣ ይቺ ጣውላ ከየት መጣች?"

"ከቆሻሻ። የመጽሐፍህ ሽፋን ናት፤ ስትጥላት ደህና እንጨት መሰለችኝና አነሣኋት።"

ጉድ በሉ! ሰውዬው ለካ ሃያ ዓመት ምስክሩን በገንፎ ሲበላ ኖሯል። ጣውላውን አፈፍ አድርጎ ሊሮጥ ሲል ኖርማ መዳፏን ጫነችበት።

"ወዴት? ጣውላው የኔ ነው። አይሸጥም።"

የቀልድ መስሎት ሊስቅ ቃጣው። ዓይኗን ሲያይ ተወው።

"የጣልከውን አነሣሁልህ" አለችው። "የኔን ግን ማን አነሣልኝ?"

ያ አንሶላ በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ ትዝ አለው፤ ያኔ እሱ የመጽሐፉን እርጥበት ሲለካ ነበር። ተመልሶ ተቀመጠ።

"በድዬሻለሁ" አላት።

እሷም እጇን አነሣች። "ስታበቃ መልሳት፤ ለእራት እፈልጋታለሁ።"

ኦቶሪኖ ጣውላዋን ይዞ መድኃኒት ቤት ሲደርስ ኤጂዲዮ ቅጠሉን አውርዶ ላይዋ አነጠፈውና በጥርስ መጎርጎሪያ ይሞክር ጀመር። አንደኛው ገባ። ሁለተኛው ውስጥ የደረቀ ገንፎ ነበር፤ ጎረጎሩትና ገባ። አምስተኛው ሲገባ ኤጂዲዮ ተናፈጠና ቅጠሉን በመድኃኒት ከረጢት ጠቅልሎ ሰጠው። ሰውዬው ቃሉን በላ አይባልም። መጽሐፉ ሙሉ ሆነ፣ አታሚውና ዓመቱ ታወቀ። ጣውላዋ ግን ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች፤ ኦቶሪኖም ስጪኝ ብሎ አልጠየቀም።

በዓመቱ፣ ኅዳር ላይ፣ ረፋዱ ላይ የውኃው ሳይረን ጮኸ። ኦቶሪኖ ወደ ምድር ቤት በረረ፤ የአንሶላውን ሣጥን በጀርባው አዝሎ እያቃሰተ ደረጃውን ወጣና ቁም ሣጥኑ ላይ ጫነው። ለመጽሐፉ ሲመለስ ውኃው ደፉን አልፏል፣ የመጽሐፉም ቦታ ባዶ ነው። ተመልሶ ሲወጣ ኖርማ ወንበር ላይ ቆማ፣ መጽሐፉን ሣጥኗ ጎን እያስተካከለች አገኛት።

"ምን ታፈጣለህ?" አለችው። "ጣውንትም ብትሆን የቤቴ ሰው ናት።"