በሁዳዴ ሥጋ የበላችው ድመት

ድመቷ መታመሟን መጀመሪያ የነገሩኝ ጉንዳኖች ናቸው። ከማድ ቤቱ ኋላ አመድ የምንደፋበት ቦታ ነበር፤ ድመቷም የምትሸናው እዚያ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አመድ ልደፋ ስወጣ ሽንቷ ያረፈበት ቦታ በጉንዳን ተወርሮ አየሁ። በማግስቱም እንዲሁ። ማር የፈሰሰበት ይመስል ነበር። እኔ ግን ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ያንን ነገር ከዚያ በፊት አይቼዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ የሞተው እንደዚህ ሆኖ ነው። ይጠማዋል፣ ይጠጣል፣ ይሸናል፣ መልሶ ይጠማዋል። እየበላ ይከሳል። ደጅ የሸናበት ቦታ ጉንዳን ይሰፍርበት ነበር። የዘመድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩና ሰውነቱን አጥቦ የሚያወጣው ውሃው ነው ብለው ውሃ ከለከሉት። እንስራው ጓዳ ገባ፤ አክስቴ በሩ ላይ ተቀመጠች። አባቴ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ውሃ እየለመነ ሞተ። ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም። ይህ ዛሬ ይገባኛል፤ ይቅር ማለት ግን አልቻልኩም፤ እንድችልም አልፈልግም።

የማወራው ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ስለነበረው ጊዜ ነው። አዳማ ገና ናዝሬት አልተባለችም። ባቡር ጣቢያው፣ ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶች፣ የእህል መጋዘኖች፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ። ባሌ በንዳድ ከሞተ በኋላ ከእናቱ ጋር ሆኜ ለመንገደኛ ምግብ አበስል ነበር። ከሁሩታ በኩል እህል በአህያ ጭነው የሚወርዱ ነጋዴዎችና የባቡር ሠራተኞች እኛ ዘንድ ይበሉ ነበር። ቤቱ የአማቴ ነው፤ ጉልበቱ የእኔ።

ድመቷን በጣም ትንሽ ሳለች ከመጋዘን ያመጣት ባሌ ነው። በኋላ ሰው «ባሏን እያሰበች ነው» ሲል ሰማሁ። አይደለም። ባሌን ለብቻው አስበዋለሁ። ድመቷን የወደድኳት ስለ ራሷ ነው። ግራጫ፣ ኩሩ፣ ሲጠሯት የማትመጣ ነበረች፤ አይጥ ይዛ እግሬ ሥር ስታስቀምጥ እንኳ ትልቅ ውለታ እንደዋለ ሰው ቀና ብላ ታየኛለች። አሁን አርጅታለች። ጠጉሯ ደርቋል፣ ጀርባዋ በአጥንቱ ይታያል። የኋላ እግሮቿም ከድተዋት ነበር፤ እንደ ድመት በጣቶቿ መቆም ትታ ተረከዟን መሬት እያስነካች ትጎተታለች።

ከበሩ ሥር በጣባ ውሃ እሞላላት ነበር። አንድ ሰሞን ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ አገኘው ጀመር። ጠጥታው መስሎኝ ነበር፤ አንድ ቀን ግን መሬቱ እርጥብ ሆኖ አየሁ።

«እማማ፣ የድመቷን ውሃ ማን ደፋው?» አልኳቸው አማቴን።

«እኔ ነኝ። ስትጠጣ ውላ ቤቱን ስትሸናበት ታድራለች። ካልጠጣች አትሸናም።»

«ትሞታለች እኮ።»

«ድመት አይደለች? ትሙት።»

ጣባውን ከመሬት አነሳሁት። «እንግዲህ ይህ ጣባ ባዶ ሆኖ ካገኘሁት የእንግዶቹንም እንስራ እደፋዋለሁ። በዚህ ቤት ውሃ ካለ ለሁሉም አለ፤ ከሌለ ለማንም የለም።»

አማቴን እንዲያ ተናግሬያቸው አላውቅም ነበር። አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ውስጥ ገቡ። ጣባው ከዚያ በኋላ ባዶ ሆኖ አልተገኘም።

የባቡር ሠራተኞችን የሚያክም አንድ ግሪክ ሐኪም በየጊዜው እየመጣ ከጣቢያው አጠገብ ባለች ክፍል በሽተኛ ያይ ነበር። ድመቷን በቅርጫት ይዤ ሄድኩና ከተራው ተቀመጥኩ። ሠራተኞቹ ቅርጫቱ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ ድመቷ አንገቷን ብቅ ስታደርግ ግቢው በሳቅ ሞላ።

«ሳቁ» አልኳቸው። «ተራዬን ግን አልለቅም።»

ሐኪሙ ሲያያት ወደ በሩ አመለከተኝ። «ይሄ ቤት ለሰው ነው።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ግን ሽንቷ ላይ ጉንዳን ይሰበሰባል። አባቴም እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው።»

እጁን ከበሩ መለሰ። «ጉንዳን? ውሃ ብዙ ይጠጣል?» ሁሉንም ፍጥረት በወንድ ነበር የሚጠራው።

«ቀኑን ሙሉ።»

ድመቷን ጠረጴዛው ላይ አኖራትና ሆዷን በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ዳሰሰ፤ ቀስ እያለ፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አድርጎ። ድመቷ አልቧጨረችውም። «ስኳር አለበት» አለኝ። «ኩላሊቱም ትንሽ፣ ደረቅ ሆኗል። ሁለት በሽታ ነው። በአውሮፓ ለስኳር በመርፌ የሚሰጥ አዲስ መድኃኒት ወጥቷል። እዚህ የለም። ቢኖርም ለሰው ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

ትከሻውን ሰበቀ። አልሄድም ብዬ ቆሜ ስቀር ግን ነገረኝ። ወተትና እንጀራ ይቅር፤ ስኳሩን የሚያብሱት እነሱ ናቸው። ሥጋና እንቁላል ለስኳሩ ይስማማሉ፤ ሥጋ ከበዛ ግን ኩላሊቱን ይጎዳል። ስለዚህ ትንሽ በትንሽ፣ የተቀቀለ፣ ጨው የሌለበት። ውሃ ሁልጊዜ። «ይሞታል» አለኝ ወደ በሩ ስሄድ። «አሁን ግን ይብላ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በወተት የራሰው እንጀራ ቀረ። ድመቷ ለወተቱ ጮኸች፣ ተኮራረፍን፣ በኋላ ተወችው። ሥጋ ቀቅዬ በጣቴ እየበጣጠስኩ እሰጣታለሁ። ሲበዛባት ታስመልሳለች፤ ሲያንሳት ትደክማለች። የዚህን ልክ መፈለግ የዕለት ሥራዬ ሆነ። ጠዋት ጠዋት አመዱ ዘንድ ሄጄ ጉንዳኖቹን አያለሁ። ካነሱ ደስ ይለኛል፤ ከበዙ ትናንት ማን ምን እንዳቀመሳት እመረምራለሁ። አንዳንዴ አጥፊዎቹ ቁራሽ የሚወረውሩላት እንግዶች ነበሩ። በኋላ ለሁሉም ነገርኳቸው፤ ለዚች ድመት እንጀራ የሚወረውር ሰው እኔ ዘንድ ሁለተኛ አይበላም።

ጉንዳኖቹ መቀነስ ሲጀምሩ ሁዳዴ ገባ።

ያንን ጊዜ የሚያውቅ ያውቀዋል። የክርስቲያን ሥጋ ሻጭ ቢላውን ሰቅሏል። በቤታችን እስከ ፋሲካ ሥጋም እንቁላልም እሳት ላይ አይወጣም። አልፎ አልፎ አንድ የባቡር ሠራተኛ ከአዋሽ ዓሣ ያመጣልን ነበር፤ እሱ በመጣ ቀን ድመቷ ትጠግባለች፤ ሳይመጣ የሚቀርበት ቀን ግን ይበዛል። ሽሮ ብሰጣት አሽታ ሄደች። እንጀራ ስሰጣት ጉንዳኖቹ ተመለሱ።

ከመንገዱ ማዶ ባሏ ቆዳ የሚነግድ የአርሲ ሴት ነበረች፤ እስላም ናት። ጠዋት ጠዋት «አከም ቡልቴ» ተባብለን ነው ቀናችንን የምንጀምረው። ድመቷን በኦሮምኛ «አዱሬ» ትላታለች።

«አዱሬ ከሳች» አለችኝ አንድ ቀን።

«ሥጋ አጥታ ነው።»

«እኛ ቤት መቼ ሥጋ ጠፋ?» አለችና የማስበውን አይታ ፈገግ አለች። «የእኛን ሥጋ እንደማትነኪው አውቃለሁ። አትንኪው። እሷን አምጫት፣ እኔ አበላታለሁ። በጓሮ በኩል ግቢ፣ ሰው አያይሽም።»

አመሰገንኳት፤ በጓሮ መግባቱን ግን እምቢ አልኩ። የሚያሳፍር ነገር አልሠራሁም። ጠዋትና ሲመሻሽ ድመቷን አቅፌ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ዋናውን መንገድ በመሐል አቋርጬ እሄድ ነበር። ጎረቤቴ ጨው የሌለበት ቅቅል አዘጋጅታ ትጠብቀናለች። እኔ ደፉ ላይ ተቀምጬ ልኩን በአፌ እነግራታለሁ፤ እሷ በእጇ ትሰጣታለች። በቂ ነው ስላት አንዳንዴ «ትንሽ ልጨምርላት» ብላ ትከራከረኛለች።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ከተማውን ሞላው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች ሲያዩኝ ይጠቃቀሳሉ። ሰልማለች ተባለ። ድስቷ ረክሷል ተባለ። አንዳንድ ደንበኞች ቀሩ። አንድ ሸምገል ያሉ የእህል ነጋዴ ገበታ ላይ ተቀምጠው በግልጽ ጠየቁኝ፤ «የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ሥጋውን ድመቷ እዚያ ማዶ ትበላለች፣ እርስዎ እዚህ ሽሮ ይበላሉ። ማድ ቤቱ ክፍት ነው፤ ገብተው ይዩ።»

አልገቡም። ሽሯቸውን በሉ።

አማቴ የንስሐ አባቴን አስጠሩ። መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«ልጄ፣ ለእንስሳ ብለሽ በዓቢይ ጾም ሕዝቡን ታሰናክያለሽ አሉኝ።»

«አባቴ፣ እኔ ጾሜን አልገደፍኩም። ጾም ለድመት ታዟል?»

«አልታዘዘም።»

«እንግዲያ እሷም አልገደፈችም።»

«እንደዚህ እየተመላለስሽ ግን ሰው ምን ይላል? ተዪው። ስለ አፍሽም ስግደት ጨምሪ።»

«ስግደቱን እሰግዳለሁ አባቴ። ድመቷን ግን እወስዳታለሁ።»

አማቴን አዩአቸው፤ አማቴ ደግሞ እሳቸውን። ተነሥተው ሲወጡ አልገዘቱኝም፤ አልባረኩኝምም። ስግደቱን አንድም ሳላጎድል ሰግጃለሁ።

እሳቸው ከግቢው እንደወጡ አማቴ በሩ ላይ ቆሙ። «ወይ ድመቷን ወይ ቤቴን ምረጪ» አሉኝ።

«ቤቱ የእርስዎ ነው። ድመቷ የእኔ ናት» አልኩና ልብሴን በቋጠሮ ማሰር ጀመርኩ። በዚያች ሰዓት ልቤ የምር ቆርጦ ነበር። ደጅ የደረሱት ነጋዴዎች ጭነታቸውን እያወረዱ ነበር።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ከዚህ እስከ ድሬዳዋ ባቡሩ በሚቆምበት ሁሉ ሰው ይበላል።»

አማቴ ወደ ደጁ አዩ፣ ወደ ቋጠሮው አዩ፣ አፍንጫቸውን ወደ ማድ ቤቱ ቀሰር አደረጉ። «ወጡ ያርርብሻል» አሉኝና ወጡ። ድመቷ በሕይወት ሳለች ስለ እሷ ሁለተኛ አላነሱብኝም። ወደዷት ብዬ አልዋሽም፤ እስከ መጨረሻው አልወደዷትም።

ፋሲካ ሲደርስ ድመቷ በጣቶቿ ቆመች። እንደ ወጣትነቷ አይደለም፤ ግን ተረከዟ ከመሬት ተነሥቶ ግቢውን ስታቋርጥ አየኋት፤ ጎረቤቴንም ጠርቼ አሳየኋት። ክረምቱን ከረመች። በጋውንም አጋመሰች። ዳነች አልልም። ስኳሩን ጉንዳኖቹ ይነግሩኝ ነበር፤ ኩላሊቷን የሚነግረኝ ግን አልነበረም። በመጨረሻ አፏ መሽተት ጀመረ፣ ሥጋውን አሽታ ትተወው ጀመር፤ መረቁን አሙቄ በጣቴ አቀምሳት ነበር። ውሃዋን ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን ጠጣች፤ ማንም አልከለከላትም። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ባዶ ጆንያ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ሳለ ሞተች።

አማቴ ፈፋ ውስጥ እንድትጣል ነበር የፈለጉት። እኔ ከግቢው ግራር ሥር ጉድጓድ ቆፈርኩ። መሬቱ ድንጋያም ነበር፤ ጥልቅ እስኪሆን ድረስ ቆፈርኩ።

ጎረቤቴ ሰምታ መጣች። ጥቁር ሻሿን አስራ ገብታ መደቡ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። «ራቢ ሲ ሃጀጀቤሱ» አለችኝ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ ማለቷ ነው።

አማቴ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ደግሞ ለድመት ለቅሶ ይደረሳል?»

«እማማ፣ እኔ የመጣሁት ለዚች ልጅዎ ነው» አለች ጎረቤቴ፤ ከመቀመጫዋም አልተነሣችም።

እንዲህ ተቀምጠን ሳለ የምሳ ሰዎች ደጁን ሞሉት። ወጣሁና ዛሬ ምሳ የለም አልኳቸው።

«ምነው? ማን ሞተ?» አለኝ ከፊት የቆመው።

«ድመቴ» አልኩት።

ከኋላው አንዱ ሊስቅ አፉን ሲከፍት አየሁት። ፊቴን ሲያይ ተወው። ባርኔጣውን አወለቀና አህያውን እየጎተተ ሄደ።