በጨርቅ ላይ የተኙ ልጆች

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ የብረት ሳጥኑን ለመክፈት ሰባት ወር ፈጀብኝ። ከላይ የባቡር ጋራዥ ቱታው አለ፤ ዘይቱ ደርቆ ጨርቁን እንደ ቆዳ አድርጎታል። ከቱታው ሥር የጡረታ ወረቀቶቹ፣ ከወረቀቶቹ ሥር ደግሞ በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለ መጽሐፍ አገኘሁ። ጋዜጣውን ስገልጠው ሽፋኑ ላይ አንዲት ከንፈሯ የቀላ ፈረንጅ ሴት አፏን ከፍታ ትጮኻለች። ከኋላዋ ባርኔጣ የደፋ ሰውዬ እጁን ኪሱ ከትቶ በጥርጣሬ ያያታል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ይህን መጽሐፍ ለመጨረሻ ጊዜ በእጄ የያዝኩት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ያኔ እጅግ አናዶኝ ነበር። ንዴቱ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ያኔ የምንኖረው ድሬ፣ ለገሃሬ ሠፈር፣ ስድስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። የድሬ ልጅ እንደሚያውቀው ከእኩለ ቀን በኋላ ከተማው ይዘጋል። ሱቁም፣ ቢሮውም፣ የጋሪው ፈረስም ጥላ ይገባሉ። በእኛ ግቢ ሴቶቹ ከኒሙ ዛፍ ሥር ውኃ አርከፍክፈው ሰሌን ያነጥፋሉ። የረጠበው አሸዋ፣ የኒሙ ቅጠልና ከየቤቱ የሚወጣው አዲስ የጅቡቲ ጨርቅ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣ፣ ለእኔ ልጅነት ማለት ያ ሽታ ነው። ዛሬም ጨርቅ መሸጫ ስገባ ሳላስበው ጎንበስ ብዬ አሸታለሁ።

የእኔ ሥራ ለሴቶቹ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ነበር። መጽሐፍ የሚያከራየን ሰዓት ጠጋኙ ጋሽ ሰይፉ ሲሆን፣ የተፈቱ ሰዓቶች ከተደረደሩበት መስታወት ጀርባ አንድ መደርደሪያ መጻሕፍት ነበረው። “አጥፈሽ እንዳትመልሺልኝ፣ ምራቅ እንዳትቀቢው” እያለ ይሰጠኛል። ግቢው ውስጥ ከገቡት መጻሕፍት ሁሉ ሴቶቹን እንደዚህኛው የያዛቸው አልነበረም። መጽሐፉ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን አንድ ሱቅ በር ላይ አቁማ፣ ዕቃ ገዝታ ስትወጣ ልጅቷ የለችም። እናትየዋ ከተማውን ታስሳለች፤ ባርኔጣ የደፋው መርማሪ ደግሞ ልጅቷን በመፈለግ ፈንታ እናትየዋን ይከታተላል። በየምዕራፉ መጨረሻ በር ይንኳኳል፣ መብራት ይጠፋል፣ አንድ ሰው ይጮኻል። አማርኛ የሚከብዳት አንዲት ሱማሌ ጎረቤት ስለነበረችን፣ እኔ ያነበብኩትን ሌላዋ በሱማሊኛ ታቀብላታለች። ስለዚህ በግቢያችን ድንጋጤ ሁሉ ሁለት ጊዜ ነበር፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ትንሽ ቆይቶ በሱማሊኛ።

ከሰሌኑ ራቅ ብላ፣ ከውኃው በርሜል አጠገብ፣ ጀርባዋን ሰጥታን የምትቀመጥ አንዲት ሴት ነበረች፤ እትዬ ዘሃራ። ወሬያችን ውስጥ አትገባም። መጽሐፉን ስዘጋ ብቻ፣ ሳትዞር፣ በየቀኑ አንዲት ጥያቄ ትጠይቀኛለች።

“ልጅቷ ተገኘች?”

“ገና ነው፣ እትዬ ዘሃራ።”

“እሺ። ነገም አንብቢ።”

ለምን እንደምትጠይቅ ለመናገር ስለ ባቡሩ መናገር አለብኝ። የእናቶቻችን ኑሮ ከጅቡቲ በሚመጣ ጨርቅ ላይ የቆመ ነበር። ጨርቁ ያለ ቀረጥ ስለሚገባ ፈታሽ ካገኘው ይወርሰዋል። ሴቶቹ ታዲያ አንድ ዘዴ ነበራቸው፤ ቋጠሮው በሰሌን ይሸፈንና ልጅ ይተኛበታል። ፈታሽ ቢከፋም የተኛ ልጅ አያነሳም። የራሷን ልጅ ያላመጣች ሴት “ልጅሽን አውሺኝ” ትላለች፤ የተጠየቀችውም ታውሳለች። ሳታውስ የቀረች ሴት በሚቀጥለው ጉዞ ማንም አያውሳትም። እኔም በስንቱ ቋጠሮ ላይ ተኝቻለሁ! “ፈታሹ ሲመጣ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ አፍሽን ትንሽ ክፈቺ” ተብዬ ነበር የሠለጠንኩት። አፏን ከፍታ የምትተኛ ልጅ የምር የተኛች ትመስላለች። ደሞዜ ሦስት ፍሬ ተምር ነበር።

የእትዬ ዘሃራ ልጅ ሃምዲ ትባላለች። አምስት ዓመቷ ነበር፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ በቀዳዳው ታፏጭ ነበር። አንድ ቀን እናቷ በመልክ ብቻ ለምታውቃት ነጋዴ አዋሰቻት። ባቡሩ ድሬ ሊገባ አንድ ጣቢያ ሲቀረው “ዛሬ ፍተሻው ጠንክሯል” የሚል ወሬ ፉርጎ ለፉርጎ ሄደ። ሴቶቹ በግራም በቀኝም በር ቋጠሯቸውን ይዘው ዘለሉ። ባቡሩ ሲነሳ ያቺ ሴት የለችም፤ ሃምዲም የለችም። እትዬ ዘሃራ ድሬ እንደደረሰች ሐዲዱን ይዛ በእግሯ ወደዚያ ጣቢያ ተመለሰች። ያገኘችው ሰሌኑን ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው እኔን እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ። የግቢያችን ሴቶች፣ ልጆቻቸውን እንደ ወንፊት ሲዋዋሱ የኖሩት እነዚያው ሴቶች፣ “ልጇን ለሁለት ጣቃ ጨርቅ ሰጠች” አሉ። ፊት ለፊት አላሏትም። ግን ሰሌኑ ላይ ቦታ አይለቁላትም፣ ሕፃን አያስይዟትም። በተለይ እትዬ አልማዝ፣ ከሁሉ በላይ የምትነግደውና ከሁሉ በላይ ልጅ የምትዋሰው፣ ዘሃራ ወደ ጓዳዋ ስትገባ “እናት ነኝ ትላለች ደግሞ!” ትል ነበር። እናቴ ዝም ትላለች። እናቴ ዝም ማለቷን ያኔ እንደ ደግነት ቆጥሬው ነበር።

አንድ ጠዋት፣ ከትምህርት ቤት በፊት፣ መጨረሻውን ልወቅ ብዬ ቀድሜ አነበብኩት። ባርኔጣ የደፋው ሰውዬ ሁሉንም ሰው አንድ ክፍል ይሰበስብና ጣቱን ይቀስራል። ልጅቷን ያጠፋቻት እናትየዋ ራሷ ናት ይላል። እንባዋም ፍለጋዋም ሁሉ ማስመሰያ ነበር ይላል። ከዚያ ሲጋራ ይለኩስና መጽሐፉ ያልቃል።

ያን መጽሐፍ የጻፈውን ሰው ባገኘው እነክሰው ነበር። ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ከእናትየዋ ጋር አልቅሼ፣ ከእሷ ጋር ሮጬ፣ በመጨረሻ የአልማዝን ወሬ በአማረ አማርኛ አቀረበልኝ። ከዚህ የባሰው ደግሞ በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ፣ እትዬ ዘሃራ በርሜሉ አጠገብ እየሰማች፣ ይህን እንዳነብ ይጠበቅብኝ ነበር። የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ነቅዬ ደቻቱ ወረድኩና በደረቁ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ቀበርኳቸው። የተከራዩትን መጽሐፍ መቅደድ በእኛ ሠፈር ከስርቆት አይተናነስም።

ከምሳ በኋላ ሴቶቹ ከወትሮው ቀድመው ተሰበሰቡ። እስከ ተነቀለው ድረስ አነበብኩና ከዚያ ወዲያ ከራሴ ቀጠልኩ። እናትየዋ ከከተማው ዳር አንድ ቤት ደረሰች አልኩ። “እናቲቱም በሩን ስታንኳኳ የከፈተችላት ልጇ ነበረች” ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት።

“አቦ ተዪን!” አለች እትዬ አልማዝ። “ያ ሰውዬ ያን ሁሉ ቀን ሴትየዋን ሲከታተል ከርሞ፣ እንዲሁ በር ተንኳኩቶ ያልቃል?”

“እንደዚያ ነው የሚለው።”

“ወላሂ ውሸት ነው! እኔ ከመጀመሪያው አውቄያለሁ። ራሷ ናት የጣለቻት። ልጅ እኮ ቁልፍ አይደለም ዝም ብሎ የሚጠፋ። ጣይ ከሌለ ጠፊ የለም።” ይህን ስትል ዓይኗ በርሜሉ ጋ ነበር።

አሸዋ ውስጥ የቀበርኩት ገጽ ከአፏ ወጣ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን እኔ አልመረጥኩትም።

“አንቺስ፣ እትዬ አልማዝ? ቅዳሜ ዕለት የማንን ጨርቅ ነው የተኛሁበት? ያንቺን አይደል? እኔ ብጠፋስ ጣይዋ ማን ትሆን ነበር? እማዬ?”

ጥፊው ከእናቴ ነበር የመጣው። ከኒሙ ላይ ወፎች ተነሡ። ሱማሌዋ ጎረቤታችን የምታቀብላትን ሴት ክርን እየጎተተች “ምን አለች? ምን አለች?” ትላለች፤ የሚተረጉምላት ግን ጠፋ። እትዬ አልማዝ አንገቷን ደፍታ የሰሌኑን ጫፍ ትፈትል ጀመር።

እትዬ ዘሃራ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረች። ሻሿን ከራሷ አውልቃ በርሜሉ ውስጥ ነከረችውና መጥታ ጉንጬ ላይ አደረገችው። እጇ ይሸታል፤ ሳሙናና በርበሬ። ዙሪያዋን ያሉትን አንዳቸውንም አላየችም።

“ተገኘች ነው ያልሽው?”

“አዎ፣ ተገኘች።”

“እስቲ ደግመሽ አንብቢልኝ። በሩን ከምታንኳኳበት።”

ምንም ያልተጻፈበትን የጀርባ ሽፋን እያየሁ ደገምኩላት።

ጋሽ ሰይፉ መጽሐፉን ተቀብሎ እንደ ሰዓት አገላብጦ አየው። “መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ ማን ይወስድልኛል?” አለና ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ መከራየት ከለከለኝ። ምክንያቴን አልነገርኩትም። እናቴ ደግሞ ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ለማንም አላዋሰችኝም። ስለ ጥፊውም ይቅርታ አልጠየቀችኝም። የዚያን ዘመን እናት ልጇን ይቅርታ አትጠይቅም፤ ከሳምቡሳው ትልቁን ትሰጣታለች። ሳምንቱን ሙሉ ትልቁን ሳምቡሳ እኔ በላሁ።

እትዬ ዘሃራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከድሬ ወጣ ብላ መልካ ጀብዱ ወንድሟ ዘንድ ገባች። አግብቼ ሳለሁ አንድ ቀን አሸዋ ገበያ ላይ አገኘኋት፤ አርጅታ፣ ሽንኩርት ስታማርጥ። ሃምዲ አልተገኘችም ነበር።

“አንባቢዋ!” አለችኝና እጄን ያዘች። “ያ መጽሐፍ እውነት እንደዚያ ነው ያለቀው?”

በሌላው እጄ አንድ ሽንኩርት አንሥቼ አገላበጥኩ። እሷ ሳቀች።

“አውቃለሁ እኮ። ጀርባዬን ሰጥቼም ቢሆን ገጽ ሲገለጥ ይሰማኛል። የመጨረሻውን ስታነቢ ወረቀት አልተንኮሻኮሸም። ግን አቦ፣ ያ ሁሉ ሰው ስለ እኔ ሲያወራ፣ ልጅቷን ፍለጋ የሄድሽው አንቺ ብቻ ነሽ።”

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። “የነቀልሽው መጨረሻ ስንት ቅጠል ይሆናል?” ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ምን እንዳሰበ አላወቅኩም፣ እኔም ረሳሁት።

አሁን መበለት ከሆንኩ ወዲህ የአልማዝን ድምፅ በብዙ አፍ እሰማዋለሁ። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ሻይ ላመጣለት ስነሣና ስመለስ ነው ያለፈው። ለቅሶ የመጣው ሰው “እግዜር ያጽናሽ” ብሎ ገና ሳይቀመጥ “ለምን ቀደም ብለሽ አላስመረመርሽውም? ምንም ምልክት አላየሽም?” ይለኛል። አንድ ዘመድ “አብራችሁ አርባ ዓመት ስትኖሩ?” አለኝ። ባርኔጣ ባይደፉም ጣታቸውን አውቀዋለሁ። ጎረቤቴ ያለችው ወጣት ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራለች፤ ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ ነው ፈረቃ የምትገባው። ባለፈው ልጁ ከደረጃ ወድቆ እጁ ሲሰበር “ልጇን ለፋብሪካ ሰጠች” ሲሉ ሰማኋቸው። ከሚሉት አንዷ ያው የራሷን ልጅ ለእናቷ ትታ ፈረቃ የምትገባ ናት። ባቡሩ ሄደ፣ ቋጠሮው ሄደ፣ ወሬው ግን በዚያው ጣቢያ ቆሟል። ያኔ ቢያንስ እርጥብ ሻሽ ይዞ የሚመጣ ሰው ነበረ። የዚያን ዕለት የልጁን ደህና እጅ ያዝኩና እናትየዋን “ያመዋል?” አልኳት። ከመጣው ሰው ሁሉ ስለ ልጁ የጠየቀ ስላልነበረ አለቀሰች።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። መጽሐፉን የከፈትኩት ከኋላ ነው፤ ያንን ሰውዬና ሲጋራውን እንደገና ላገኛቸው ተዘጋጅቼ። የሉም። የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች በምላጭ፣ በመካኒክ እጅ፣ ቀጥ ተደርገው ተቆርጠዋል። የእኔው የልጅነት መጽሐፍ ይሁን ወይም ሌላ ቅጂ፣ የት እንዳገኘው፣ መቼ እንደቆረጠው የምጠይቀው ሰው የለም። በባዶው የጀርባ ሽፋን ላይ ግን የሥራ ቅጽ በሚሞላበት በዚያ ጠማማ ጽሕፈቱ፣ በእርሳስ፣ አንዲት መስመር አለች።

“እናቲቱም በሩን ስታንኳኳ የከፈተችላት ልጇ ነበረች።”