ሁዳዴን ያስጾምኩት ውሻ

ውሻ ወድጄ አይደለም የያዝኩት። የመጨረሻዋ ልጄ አርሲ ነገሌ አግብታ ስትሄድ በዘንቢል አምጥታ ጣለችብኝ። «አባዬ፣ ቤታችን እስኪደላደል ያዝልኝ፤ ብቻህንም አትሆንም» አለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ የእኔ ብቻዬን መሆን ያስጨንቃታል። እኔ ደግሞ ብቻዬን መሆን አልጠላም ነበር። «ውሰጂው» አልኳት። ጥላው ሄደች። ቤቷ ተደላደለ፣ ልጅም ወለደች፤ ውሻው ግን ይኸው እዚሁ ናዝሬት ነው። አዳማ በሉት፤ እኔ ናዝሬት ማለት ለምዶብኛል።

እናቱ የሰፈር ውሻ ናት። አባቱ ከአንድ ሆቴል ግቢ ያመለጠ የፈረንጅ ውሻ ነው ይላሉ፤ ሲያዩትም ይመስላል። ጸጉሩ ነጭ፣ ጥቅልል ያለ፣ የበግ ግልገል የመሰለ። እግሩ አጭር ነው። አንዱ ጆሮው ቆሟል፣ አንዱ ወድቋል። ከድመት ብዙም አይበልጥም፤ ጩኸቱ ግን የጅብ መንጋ ያባርራል። ስም አላወጣሁለትም። «አንተ!» ስለው ይመጣል።

እኛ ዘንድ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ ትራፊ ይበላል፣ በር ይጠብቃል። ከዚህ ሌላ ለውሻ የሚደረግ ነገር አላውቅም ነበር። እኔም አሰርኩት። ችካሉን ሲዞር፣ ሲዞር፣ ሰንሰለቱን አንገቱ ላይ ጠቅልሎ ያለቅሳል። ፈታሁት። ሲፈታ ደግሞ ጉድ ፈላ። ነጠላ ጫማዬን ወስዶ ቀበረው። የአጥሩን ቀዳዳ አስፍቶ ባጃጅ ማባረር ጀመረ። አንድ ቀን አንዱ ባጃጅ ቆመለት። ደንግጦ ቁጭ አለና ዞሮ እኔን አየኝ፤ አሁን ምን ላድርገው እንደማለት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትከር በገመድ ይዤው እዞራለሁ። ሽማግሌ ሰው ውሻ ሲያናፍስ በእኛ ሰፈር ተሰምቶ አይታወቅም። «ጋሼ፣ ማን ነው ማንን የሚጎትተው?» ይሉኛል የጋሪ ነጂዎቹ። «አንተ ዝም ብለህ ፈረስህን ንዳ» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር የሚጎትተው እሱ ነው።

ከሁሉ የተቸገረችው ጎረቤቴ ናት። ግድግዳ እንጋራለን፣ ቧንቧውም የጋራችን ነው። እሷም እንደ እኔ የትዳር ጓደኛዋ ሞቶባታል። ሃይማኖቷን የምታጠብቅ ሙስሊም ናት። ለሶላት ተጣጥባ ቀና ስትል ነው ይሄ የተረገመ ሮጦ መጥቶ ቀሚሷን በእርጥብ አፍንጫው የሚነካው። እንደገና መታጠብ ሊኖርባት ነው።

«ጋሼ! ኧረ ይሄን ሰሬ ይያዙልኝ! ሶላቴን አበላሸብኝ!»

ሰሬ በኦሮምኛ ውሻ ነው፤ ስትናደድ ኦሮምኛዋ ይቀድማታል። ሸበጧን ትወረውርበታለች። እሱ ሸበጡን በአፉ ይዞ ግቢውን ይዞራል። እንዲህ ስትራገም ውላ ማታ አጥሩ ስር አጥንት በፌስታል ታስቀምጣለች። «ለእሱ አይደለም፣ ለድመቶቹ ነው» ትላለች። ግቢያችን ውስጥ ድመት የለም።

ሁዳዴ ገባ። ሚስቴ በሕይወት ሳለች ሁዳዴ ሲገባ ድስቱም ሳህኑም ታጥቦ፣ ቅባት የነካው ሁሉ ተለይቶ ይቀመጥ ነበር። እሷ ከሞተች በኋላም አንድ ነገር አላጓደልኩም። ጎረቤቴ አጥንቱን ስታመጣ መለስኩት።

«በሁዳዴ አጥንት ከደጄ አይገባም።»

ሳቀች። «ጋሼ፣ እኛም ረመዳንን እንጾማለን። ፍየሎቻችንን ግን አናስጾምም።»

«የአንቺ ፍየል ሌላ፣ የእኔ ግቢ ሌላ» አልኳት። ግትር ነኝ፤ ሚስቴም ትለኝ ነበር።

እናም አብሮኝ ጾመ። ሽሮ ፍትፍት፣ ምስር ፍትፍት። ደግሞ ይወደዋል! ሳህኑን ልሶ ሲጨርስ በአፍንጫው እየገፋ ግቢውን ያዞረዋል። የእኔ ወጥ ሽንኩርት ይበዛበታል። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሽንኩርት ላይ ነው። ዓለም ጤናና መቂ እየወረድኩ ከገበሬው ማሳ ላይ ገዝቼ በአይሱዙ አስጭኜ አመጣ ነበር። ይሄን ቤት የሠራው፣ ልጆቼን ያስተማረው ሽንኩርት ነው። እኔ ራሴ ትምህርቴ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከመለየት አላለፈም፤ ሽንኩርት ግን ጨብጬ ብቻ የሚቆየውንና የሚበሰብሰውን እነግራችኋለሁ። የድስቱን ግማሽ ሽንኩርት ካልሞላሁት ወጥ የሠራሁ አይመስለኝም።

ጾሙ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ ሙቀቱ በጠናበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ጎረቤቴ ተጣጥባ ቀና አለችና ግራ ቀኝ አየች።

«አካም ቡልታን ጋሼ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሰሬው የት ሄደ?»

«እዚያ ጥላው ስር ተኝቷል። ምነው፣ ናፈቀሽ?»

«ትናንትም አልነካኝም፣ ከትናንት ወዲያም። ይሄ ነገር ታሟል ጋሼ። ደህና ቢሆን በሰላም አይተወኝም ነበር።»

እኔ ሙቀቱ ነው ብዬ ነበር። ሄጄ አየሁት። ኒም ዛፉ ስር ተዘርግቷል። ሲያየኝ ጭራውን አንድ ጊዜ መሬቱ ላይ መታ አደረገና ተወው። የሸናበት ቦታ የወፈረ ሻይ የደፉበት ይመስላል። ብርድ ገብቶት ነው አልኩ፤ በናዝሬት ሙቀት! እኔ ሲያመኝ የምወስደውን አዘጋጀሁለት፦ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ በማር ለወስኩና በጣቴ አጎረስኩት። ዋጠው። ከእጄ የመጣ ነገር እምቢ ብሎ አያውቅም።

በማግስቱ መቆም አቃተው።

በመጣበት ዘንቢል አስገብቼው ወጣሁ። ባጃጅ አስቆምኩ።

«አባባ፣ ውሻ አልጭንም» አለ ነጂው።

«ማን ውሻ አለህ? በግ ነው።»

ጎንበስ ብሎ ዘንቢሉን አየ። «በጉ ታዲያ ጆሮው ምን ሆኖ ነው?»

«ታሞ ነዋ! ለዚህ አይደል ሐኪም ጋ የምወስደው? ንዳ!»

ነዳ። መንገድ ላይ በመስታወቱ እያየን «አባባ፣ በግዎ ምላሱን አውጥቶ ነው የሚተነፍሰው» አለኝ። ስንደርስ ግን ዘንቢሉን ከእጄ ተቀብሎ እስከ በሩ ያደረሰልኝ እሱ ነው።

የእንስሳት ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት፣ ቦት ጫማ ያደረገች። ወረፋው ላይ የቆሰለ የጋሪ ፈረስ፣ አህያ፣ ላም ነበር። ውሻ ያመጣሁ እኔ ብቻ ነኝ። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ ድዱን አሳየችኝ። እንደ ወረቀት ነጭ ሆኗል።

«ምንድን ነው የሚበላው አባቴ?»

«እኔ የምበላውን።»

«እርስዎስ ምን ይበላሉ?»

«በሁዳዴ ምን ይበላል? ሽሮ ነዋ። ምስር።»

«ሽንኩርት ይገባበታል?»

«ሽንኩርት የሌለበት ወጥ የት አይተሻል?» ተናደድኩ። «ሲታመምብኝ ደግሞ ጨምሬ በማር ሰጥቼዋለሁ።»

እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «አባቴ፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ነጩም ቀዩም። ደሙን ነው የሚጨርሰው።»

«ልጄ፣ እኔን ስለ ሽንኩርት አታስተምሪኝም። የዓለም ጤና ውሾች ማሳው ውስጥ ነው የሚያድጉት።»

«ይተኙበታል እንጂ ይበሉታል?»

ያን ሁሉ ዓመት ማሳ ለማሳ ስዞር ሽንኩርት የሚበላ ውሻ አይቼ እንደሆነ አሰብኩ። አላየሁም። የገበሬው ውሻ ትልቅ ነው፣ አይጥ ይይዛል፣ አጥንት ያገኛል። ከእኔ ድስት ሌላ የሚበላው ያጣው ይሄ ትንሹ ነው።

መርፌ ወጋችው፣ በቆዳው ስር ውሃ ሰጠችው። «ጉበት ይፈልጋል፣ ሥጋ፣ እንቁላል፤ ሽንኩርት በጭራሽ» አለች።

«ይተርፋል?»

«አሁን ምንም አልልዎትም። ደሙ ከተመለሰ ይተርፋል። ካልተሻለው ቶሎ ይመልሱልኝ።»

ቤት ስደርስ በቀጥታ ጎረቤቴ በር ላይ ቆምኩ። አንድ ነገር ልለምን ሰው ደጅ ከቆምኩ ቆይቻለሁ። አፌ ላይ የመጣልኝ «ያ አጥንት አለ?» የሚል ብቻ ነው።

«አጥንት ከደጄ አይገባም ብለው አልነበር?»

«አሁን ይግባ።»

ፊቴን አየችኝ። ከዚያ በላይ አላሾፈችብኝም። ሻሿን አጥብቃ ወጣች፤ የእኛዎቹ ሥጋ ቤቶች ለጾሙ ስለተዘጉ ከእነሱ ሥጋ ቤት ጉበት ይዛልኝ መጣች። በሁዳዴ፣ ሚስቴ ታጥብ በነበረው ድስት፣ በእጄ ጉበት ቀቀልኩ። ሽታው ቤቱን ሞላው። ሚስቴ ብታይ ምን ትለኝ ነበር እያልኩ አማሰልኩ። ከእኔ ጉበቱን ቀምታ ራሷ የምታጎርሰው ይመስለኛል።

አስገብቼ አልጋዬ ስር፣ በታጠፈ የሽንኩርት ጆንያ ላይ አስተኛሁት። ጉበቱን በጣቴ አድቅቄ አፉ ውስጥ አስገባሁ፤ አንዳንዱን ዋጠ፣ አንዳንዱ ወደቀ። እንቁላል በማንኪያ። ውሃ በመዳፌ። ልጄ ደወለች፤ ሁሌም ከእኔ በፊት እሱን ነው የምትጠይቀው። «ልጄስ?» አለች። «ባጃጅ እያባረረ ነው» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ጆንያው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ብቻዬን መሆን አልጠላም ነበር አላልኩም? የዚያን ሰሞን ጠዋት ገመዱ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው ፊቴን አዞር ነበር።

ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት ተጣጥባ ስትጨርስ እኔ በር ድረስ ትመጣና፣ ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ፣ ከደጅ ሆና «እንዴት አደረ?» ትላለች። ጠጋ አትልም። ሳትጠይቅ ግን አትሄድም።

ሁለት ድስት መጣድ ደግሞ ይሰለቻል። አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለእኔ፤ ማንኪያው ይምታታብኛል፣ ሽንኩርት የነካው የትኛው ነው እያልኩ እጨነቃለሁ። በመጨረሻ ሽንኩርቱን ጠቅልዬ ለጎረቤቴ ሰጠኋትና ሽሮዬን ባዶውን መሥራት ጀመርኩ። ቀመሰችልኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ወጥ ነው ወይስ የግድግዳ ቀለም?» አለች። ይበላል። ይለመዳል።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት አንድ ጠዋት እሳቱ ላይ ጎንበስ ብዬ ጉበቱን አማስላለሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከደጅ ጆግ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ጩኸቷ መጣ።

«ጋሼ! ሰሬውን ይያዙልኝ! ኧረ ሶላቴን!»

ዞር ብዬ ጆንያውን አየሁ። ባዶ ነው። ሸበጥ ሲወረወር ሰማሁ፣ ትናንሽ እግሮች ግቢውን ሲዞሩ ሰማሁ። ጎረቤቴ እየተራገመች እንደገና ቧንቧውን ከፈተች፤ እርግማኑ መሃል ሳቅ አለበት።

ወጥቼ ልይዘው ይገባኝ ነበር። አልወጣሁም። ማንኪያውን ይዤ እዚያው ቆሜ፣ ትንሽ ተጨማሪ እስክትጮህ ጠበቅኩ።