አቃጠልኩት ያለው መጽሐፍ

አብተው በናዝሬት ገበያ አሮጌ ወረቀት ይሸጥ ነበር። በአብዮቱ ቤታቸው ተወርሶ ፈረንጆቹ ሲወጡ የተዉት መጽሐፍ ሁሉ በኪሎ እየተመዘነ ወደሱ ይመጣል፤ ባለሱቆች ደግሞ ስኳርና በርበሬ ሊጠቀልሉበት ከሱ ይወስዳሉ። በጣሊያኖች ጋራዥ ሲሠራ የለቃቀማት ጣሊያንኛ ነበረችውና ወረቀቱ ከመቀደዱ በፊት አንድ በአንድ ያገላብጣል። ጥንት ከጠረፍ ተነስተው በግመልና በበቅሎ አዋሽን ተሻግረው ሸዋ የገቡ መንገደኞች የጻፉትን ሲያገኝ ለራሱ ያስቀራል። ሚስቱ መሰለች አልጋ ሥር አሥራ ዘጠኝ መጽሐፍ ቆጥራ፣ "እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?" ትለው ነበር።

አንዱን ግን ወዳጁ መምህር ወዬሳ ቀደመው። ከክምሩ መዝዞ ሲገልጠው የበቅሎ ልጓም የያዘ ሰው ፎቶግራፍ አየ፤ ከሥሩ ስሙና መንደሩ ተጽፏል። ጎበና፣ የወዬሳ አያት። የወዬሳ አባት አባባ ሆራ፣ አባታቸው ሲሞቱ የእቅፍ ልጅ ነበሩና መልካቸውን አያውቁም። አብተው "ውሰደው" አለ፤ አንጀቱ ግን አረረ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ዳግም እጁ እንደማይገባ ያውቃል።

በዚያው ሳምንት የስልሳ ዘጠኙ አሰሳ መጣ። በየቤቱና በየኬላው መጽሐፍ ሳይቀር ይፈተሽ ጀመር። ወዬሳ መጽሐፉን በጆንያ ጠቅልሎ ይዞ መጣና፣ "ወረቀት ሻጭ ቤት ያለ መጽሐፍ ማን ይጠረጥራል? አንተ ጋ ይቆይ" አለው። በሦስተኛው ቀን ታሰረ። አብተው ሲሰማ አለቀሰ፤ እያለቀሰም 'መጽሐፉ የኔ ሆነ' ብሎ አሰበ። ለዚያች ሐሳብ ራሱን ይቅር አላለም።

ወዬሳ በአምስተኛው ዓመት ተፈታ። እያነከሰ ወደ አብተው ቤት መጥቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። "የአባባን ዓይን ሞራ እየጋረደው ነው። ሳይጨልምባቸው ያንን ፎቶ ላሳያቸው" አለ።

አብተውን ምን ነካው? ስስት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

"በአሰሳው ጊዜ ፈርቼ አቃጠልኩት" አለ።

ወዬሳ ትከሻውን ሳመው። "ደግ አደረግህ። ሲገርፉኝ፣ መጽሐፎችህን ማን ጋ ደበቅህ ይሉኝ ነበር። ስምህ ከአፌ እንዳያመልጥ ስጸልይ፣ አንተ ቤት ተገኘ እንዳይሉኝ ስፈራ ነው የኖርኩት።"

ከዚያ ወዲህ አብተውን እህል አልጥም አለው። መጽሐፉን ይገልጣል፣ ጎበና ልጓሙን እንደያዘ ያፈጥበታል፣ መልሶ ይከድነዋል። እመልሳለሁ ይላል፤ ደግሞ ምን ብዬ ይላል። እንዲህ ሲል ክረምቱ አለፈ። በመስከረም መሰለች ብትቆጣው መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ በዝዋይ አውቶቡስ፣ ወዬሳ ከአባቱ ጋር ወደሚኖርባት መቂ ሄደ።

አባባ ሆራ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። "አካም ጅርቱ፣ አባባ?" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ሲላቸው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ እንጂ አላዩትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አብተው አጠገባቸው ተቀምጦ ጋዜጣውን ፈታ።

"የአባትዎን ፎቶግራፍ አምጥቼ ነው" አለ።

"የቱ ጋ ነው? ጣቴን አስቀምጥልኝ፣ ልጄ።"

አስቀመጠላቸው። ወረቀቱን ደባበሱት። "ምን ይመስላል?"

"እርስዎን ነው የሚመስሉት።"

ሽማግሌው ጣታቸውን ከፎቶው ሳያነሱ፣ "ግን ተቃጠለ አልተባለም?" አሉ።

ወዬሳ ከጓዳ ወጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ገጹን አየ፤ የእሳት ምልክት የለበትም። ከዚያ አብተውን አየው። አብተው እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ።

"ከእሳት አውጥቶት ነው፣ አባባ" አለ ወዬሳ። "አብተው ነው ያተረፈልን።"

አባባ ሆራ የአብተውን እጅ ፈልገው ያዙና ይመርቁት ጀመር። እሱም ጎንበስ ብሎ፣ እስኪጨርሱ ድረስ "አሜን" አለ።