አስካለና የማዳበሪያዋ ድመት

የነቀምቴ ሰው አስካለን በሁለት መንገድ ያውቃታል፤ ወይ ጨጓራ ገዝቷታል፣ ወይ ጥፊዋን ቀምሷል። ሁለቱም የደረሳቸው አሉ።

ከቀጀላ ሥጋ ቤት ደጃፍ፣ ከሣፋዋ ኋላ ዱካ ላይ ተቀምጣ ጨጓራ፣ ጉበትና ምላስ ትሸጣለች። ከጭኗ ላይ የውሃ ጎማ ቁራጭ አይጠፋም። ጎማው ለውሻና ለድመት ነው። ዋጋ ሲከራከር ቆይቶ ሳይገዛ ለሚሄድም ይሰነዘራል የሚሉ አሉ፤ ይህኛው እንኳ ሐሜት ሳይሆን አይቀርም።

ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው መጥተው ኡኬ አካባቢ የሰፈሩ ናቸው። በወንድሞች መሃል ያደገች ብቸኛ ሴት ልጅ ስለሆነች የድርሻዋን እንጀራ በክርኗ እየተከላከለች ነው የበላችው። ኋላ ያገባችው ሰውዬ አንድ ቀን በቀበቶ ቢመታት፣ ቀበቶውን ነጥቃ በዘለበቱ ግንባሩን ፈነከተችውና ልብሷን ጠቅልላ ነቀምቴ ገባች። ሰውየው ዛሬ ጉቴ ነው ያለው። ስለ ጠባሳው ሲጠየቅ በሬ ወጋኝ ይላል አሉ።

ድመት ማለት ደግሞ ለአስካለ ሌባ ማለት ነው። ስንቱን አፍንጫውን ብላ አባራዋለች!

እንግዲህ ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ አንዲት ግራጫ ድመት የቀጀላን ሽንጥ ነክሳ ስትጎትት ተያዘች። ቀጀላ መልካም ሰው ነው፤ ሲናደድ ግን ዓይኑን ደም ይሸፍነዋል። ድመቷን ማዳበሪያ ውስጥ ከትቶ አፉን ቋጠረና ከደጁ ድንጋይ ጋር ያላጋት ጀመር። መጀመሪያ ጮኸች፤ ቀጥሎ አቃሰተች። ገበያተኛው ቆሞ ያያል፤ አንዳንዱ ይስቃል። አስካለም ስቃለች፣ ለምን ይዋሻል።

ሳቋ የጠፋው ማዳበሪያው መሬት ሲያርፍ ነው። የድመቷ ሆድ ማዳበሪያውን ወጥሮታል፤ ከሆዱም ውስጥ የሆነ ነገር ለብቻው ይገፋል። አስካለ ሆዷ የተቀደደ ላም ስታይ ነው የኖረችው፤ ጥጃ ያለበትን ሆድ ታውቀዋለች።

“ቀጀላ፣ ተው! እርጉዝ ናት!”

“ሌባ ናት፣ አዴ አስካለ! ሐቱ!” ብሎ ሌባነቷን በኦሮምኛ ደገመና ማዳበሪያውን እንደገና አነሳው።

አንገትጌውን ጨመደደችው። ገፈተራትና ሣፋዋ ላይ ወደቀች፤ ጨጓራው አቧራው ላይ ተበተነ፤ ውሾቹ እየተናከሱ ገቡበት። ከወደቀችበት ተነስታ ጆሮ ግንዱን ስታቀምሰው አጮኸችው። “ዲሲ! ዲሲ!” አለ፣ ልቀቂኝ ማለቱ ነው፤ እሱም ማዳበሪያውን ለቀቀ። አስካለ እጅጌዋ ተቀዶ፣ አፍንጫዋ እየደማ ማዳበሪያውን ታቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤቷ ከረዲ ሱቅ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ረዲ ከጉራጌ አገር በወጣትነቱ መጥቶ የቀረ ባለሱቅ ነው፤ መጋዘኑን ከአይጥ የሚጠብቁለት ድመቶች እዚያው እየወለዱለት ብዙ አይቷል። የብስኩት ካርቶን ሰጣት፤ አሮጌ ሹራብም አነጠፈበት።

“አስካልዬ፣ ምጥ ሲይዛት ከሩቅ ተያት። እንዳትነኪያት። ከከፋ እኔን ጥሪኝ።”

“እኔን ነው የምታስተምረኝ?” አለችው።

ድመቷ ከካርቶኑ ሆና ታጉረመርማለች፤ አስካለም ታጉረመርማለች። “ብዪ፣ አንቺ ሌባ! ብዪ፣ ምን ታፈጪብኛለሽ!” እያለች ለደንበኛ የምታስቀረውን ጉበት ትቆራርጥላታለች። በሩ ላይ የሚያነፈንፍ ውሻ ካለ በድንጋይ ወገቡን ትለዋለች። ያ ሆድ የያዘው በሕይወት ካልወጣ እሞታለሁ ያለች ትመስል ነበር። “ያ አረመኔ አልገደላቸውም፤ ከእንግዲህ ማንም አይገድላቸውም” ብላ ለረዲ በእመቤታችን ምላለታለች።

ምጡ የመጣው እሁድ ከቀትር በኋላ ነው። አስካለ ካርቶኑ ሥር ቁጢጥ ብላ “አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ” ትላለች፤ ስድቡን ረስታዋለች። የመጀመሪያው ሞቶ ወጣ። አንድ ጎኑ ጠቁሮ ተጨፍልቋል፤ ድንጋዩ ነው። አስካለ ቀጀላን ከነዘር ማንዘሩ ረገመችው። ድመቷ የሞተውን ላሰችው፣ ላሰችውና ተወችው። ከዚያ እንደገና አማጠች።

ሁለተኛው ሲወጣ ድመቷ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል አፏ በደም ተነክሯል፤ በጥርሷም ቀይ ሥጋ ይዛ ታላምጣለች።

“ልጅሽን! ልጅሽን በላሽው?”

ሥጋ የያዘ የድመት አፍ ሲመታ የኖረ እጅ ነው፤ አላስፈቀዳትም። በአይበሉባዋ ስትላት ድመቷ ከግድግዳው ጋር ተላተመች፤ አፍንጫዋ ደማ፤ በተከፈተው በር ዘላ ወጣች።

አስካለ ካርቶኑን አየች። ግልገሉ እዚያው ነው፤ ሙሉ ነው፤ የተነከሰ የለውም። ስስ ሽፋን ፊቱን እንደጋረደው ነው፤ አይተነፍስም።

“እመብርሃን!” አለች። ሽፋኑን በጥፍሯ ቀደደች፤ አፉን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤ በሹራቡ አሸችው፣ አሸችው። ሲጥ አለ።

ረዲ ጩኸቷን ሰምቶ ሮጦ ሲደርስ ነገሩ ወዲያው ገባው። “የእንግዴ ልጁን ነው የበላችው! ሁሉም ድመት ይበላል! አትንኪያት አላልኩሽም? እጅሽ ይሰበር!”

አስካለ እጇን አነሳችበት። ረዲም ፊቱን ከለለ። ግን አልመታችውም፤ እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረና ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ረዲ እንዲህ ስትሆን አይቷት አያውቅም።

“ኧረ ተይ” አለ ደንግጦ። በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቶ በጨርቅ ጠቀለለና ግልገሉን አስጠጋበት። “ሙቀቱን ለጊዜው እንሰጠዋለን። የላም ወተት ግን ሆዱን ያጥበዋል። እናቱን ካላገኘ አያድርም።”

ድመቷን አጥሩ ሥር ካለው የማገዶ ክምር ውስጥ አገኟት። ተጨማሪ ወልዳለች፤ የሌላ ግልገል ሲጥታ ይሰማል። ጉበት አቀረቡላት፤ አልወጣችም። አስካለ ስትናገር ጊዜ ጭራሽ ወደ ውስጥ ሸሸች። ክምሩ ቢፈርስ ሁለቱንም ግልገሎች ጥላ ትጠፋለች። ያለው መግቢያ አንድ ክንድ ብቻ የሚያስገባ ቀዳዳ ነው። ረዲ ቀዳዳውን አይቶ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ።

አስካለ ጭቃው ላይ በሆዷ ተኛች። ግልገሉን መዳፏ ላይ አስቀምጣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ድረስ ሰደደች።

ድመቷ አልጠበቀቻትም። ጥርሷ ከአስካለ አውራ ጣት ሥር ባለው ሥጋ ጠለቀ፤ በኋላ እግሮቿ ክንዷን እየቦጨቀች ታርሰው ጀመር። አስካለ ከንፈሯን ነከሰች። ያንን አንገት ይዞ ከእንጨቱ ጋር ማላተም ለእሷ ቀላል ነው፤ ጉልበቱም ልማዱም አላት። ጣቶቿ በራሳቸው ሊጨበጡ ሲሉ ተሰማት፤ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ግልገሉ መዳፏ ላይ እየዳኸ ወደ ሙቀቱ ሄደ።

ደሙ በክንዷ ወርዶ ብብቷ ደረሰ።

“ለቀቀችሽ?” አለ ረዲ።

“አልለቀቀችኝም።”

“በይ አውጪ በቃ! ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ መርፌ ሳያስፈልግሽ አይቀርም። አስካለ! ትሰሚያለሽ? እጅሽን አውጪ!”

“ዝም በል” አለችው፤ ድምጿ በጭንቅ ነው የሚሰማው። “እየጠባ ነው። በጣቴ ይሰማኛል።”