ተሰፍተው የተዘጉ ኪሶች

ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይወጋል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ሱቅ፣ በአንድ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጣለች። ጨርቅ ይዞ የመጣውን ሰው «ይሄ ለሱሪ አይሆንህም» ትለዋለች፤ እሱም ተናዶ ይሄዳል፣ ግን ተመልሶ ይመጣል።

ብርዱ ሊገባ ሲል የሰፈሩ ማኅበር ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ሰዎች የሚሆን አርባ አሮጌ ካፖርት ሰብስቦ አመጣላት። ሊቀመንበሯ ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ግን ቁጥጥር ይወዳል።

«እትዬ፣ ቁልፉን ይትከሉልኝ፣ የተቀደደውን ይጣፉልኝ። ኪሱን ደግሞ ሰፍተው ይዝጉት።»

«ኪሱ ምን አጠፋ?»

«የሰረቁትን እንዳይከቱበት ነዋ!»

ሌላ ቀን ቢሆን እትዬ መርፌ መልስ አታጣም ነበር። ያን ዕለት ግን ሥራ በዝቶባታል፤ ለጽድቅ ከሚሠራ ሰው ጋርስ ማን ይከራከራል? ሰማንያውን ኪስ በድርብ ክር ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

ካፖርቱ ከሱቋ ደጃፍ በታደለ በአራተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ አንድ ከሲታ ሰው ካፖርቱን አጣጥፎ ይዞ ሱቋ በር ላይ ቆመ።

«እናቴ፣ ይሄን ለሰጡኝ ሰዎች ይመልሱልኝ።»

«ምነው፣ ጠበበህ?»

«ልኬ ነው። ኪሱ ግን የይስሙላ ነው። ልፈታው ብሞክር አልበገር አለኝ።»

«ጎዳና እያደርክ ደግሞ ኪስ ታማርጣለህ?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሰውየው አልተቆጣም፤ ቀስ ብሎ ነገራት።

«የማድረው ባንኩ ደጃፍ ነው። ጽዳቶቹ ካርቶኑንም ፌስታሉንም ጠርገው ይወስዱታል፤ እኛ ዕቃችንን ከገላችን አንለይም። ይሄ ሲመጣልኝ አሮጌ ጃኬቴን ለጓደኛዬ ሰጠሁ፣ የሱሪዬም ኪስ ቀዳዳ ስለሆነ መታወቂያዬን ካርቶኑ ሥር አደረግሁ። ትናንት ውኃ ልጠጣ ዞር ስል ጠረጉት። ሰኞ መጋዘን ጥበቃ ልቀጠር ነበር፤ ያለ መታወቂያ አይሆንም አሉኝ።»

እትዬ መርፌ ካፖርቱን ተቀብላ ኪሱን ዳሰሰች። ስፌቱ የራሷ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ጥፋቱን በሊቀመንበሯ ማላከክ ትችል ነበር፤ እንዲያውም ዳድቷት ነበር።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለችው።

እሷ አፈረች፤ በዕድሜዋ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ስፌቱን በምላጭ ተረተረችው፤ ከውስጥ በኩልም ባለ ቁልፍ ኪስ ጨመረችለት። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ሱቋን ዘግታ ወደ መታወቂያ ቢሮ ወሰደችው።

«አድራሻ ከሌለው ምስክር ያስፈልገዋል» አለ ጸሐፊው። «እርስዎ ምኑ ነዎት? እናቱ?»

«አይደለሁም።»

«ዘመዱ?»

«አይደለሁም። ደንበኛዬ ነው። ልብስ አበላሽቼበታለሁ።»

ጸሐፊው ሳቀ። እሷ ግን ፊቷን እንዳኮሳተረች ቆመች፤ ቢቸግረው ፎርሙን አወጣ። ከብዙ ንትርክ በኋላ ጊዜያዊ ወረቀት ሰጣቸው፤ ለሰኞ ይበቃል። ሰውየው ወረቀቱን አጥፎ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ከተተና ቆለፈው።

ደጅ ሲወጡ እትዬ መርፌ ቸኮለች። «ሠላሳ ዘጠኙ የት የት ነው የሚያድሩት? ዛሬውኑ አዙረህ አሳየኝ፤ ለሁሉም እንዳንተው አድርጌ እሰፋለሁ።»

ሰውየው ፈገግ አለ። «አሳይዎታለሁ። ግን እናቴ፣ ከመስፋትዎ በፊት ምን እንደሚፈልጉ አንድ በአንድ ይጠይቋቸው።»